ወንድሜ በድምፅ የሠራቸው ሰዎች

ጎባ ላይ ክላርኔት ከሣጥኑ ወጥቶ ወዲያው አይነፋም። ጠዋት ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው እንጨቱ ይቀዘቅዛል፤ ድምፁም ይወርዳል። ችኩል ሰው ትኩስ ትንፋሹን በአንድ ጊዜ ከሰደደበት ደግሞ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከመንፋት በፊት ነበር። መሣሪያውን ጋቢ ውስጥ አስገብቶ ደረት ላይ ማቀፍ፣ የአፉን ክፍል ብብት ሥር ማሞቅ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ትሮምቦን የሚነፋው ሁሴን በዚያ ሰዓት ሁላችንን ዞር ዞር ብሎ እያየ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» ይለን ነበር። ሁሴን የሮቤ ልጅ ነው፤ እስላም ነው፤ ለአራስ ሴት የሚባለውን ግን ከእኛ አሳምሮ ይናገራል።

ይህን የምጽፈው ከእንግዲህ ክላርኔት ስለማላቅፍ ነው። ሰሞኑን መሣሪያውንና የደንብ ልብሱን ለግምጃ ቤት አስረክቤአለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ገሰራ አስተማሪ ነኝ። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉ ሰዎች ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። የእኔ ጢም ገና በወጉ አልሞላም። ነገር ግን አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ሥራው አልቋል፤ ሥራውን ያስተማረኝም ሰው ሞቷል። እርሱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ደምሴ ነው ስሙ። እኔ ጋሼ ነበር የምለው።

ስለ እርሱ ቀጥ ብዬ መጻፍ አልችልም። ስለ ሥራው ከጻፍኩ ግን እርሱም አብሮ ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረስኩ ወደ ከተማው የሙዚቃ ክፍል ያስገባኝ ጋሼ ነው። አባታችን ከመንዝ መጥቶ ጎባ የቀረ ሰው ነበርና ልጆቹ ጸሐፊ እንዲሆኑለት ይፈልግ ነበር። አንዱ ልጁ ጥሩምባ ነፊ ሲሆን ታገሠ። ሁለተኛው ሲከተል፣ «ቤቴን የሠርግ ቤት አደረጋችሁት፤ ሙሽራ ግን አላየሁም» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገረም። የሙዚቃ ክፍሉ ደመወዝ ትንሽ ነበር፤ በሰዓቱ ግን ይመጣል።

አለቃችን ባሻ ወልዴ ይባላሉ። በወታደር ቤት ያደጉ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ለእርሳቸው ሙዚቃ ማለት የሰልፈኛን እግር ማስተካከያ ነው። ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሲወርድ፣ እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርድ፣ ትምህርት ቤት ሲመረቅ እንነፋለን። ትላልቅ ሹማምንት ሲገቡ የክብር ሰላምታ እንነፋለን። ሕዝቡም ያን ድምፅ ሲሰማ ብድግ ይላል። ባሻ ከዚህ ያለፈ ነገር አይወዱም። እኛን «ባንዱ» ነበር የሚሉን። ጋሼ ግን «ኦርኬስትራው» ይል ነበር። ከነሐስና ከእንጨቱ መሣሪያ ሌላ ሁለት ቫዮሊኖችና አንድ ማሲንቆ ስለነበሩን ነው። ቫዮሊኖቹ ከአዲስ አበባ አርጅተው የመጡ ናቸው። የአንደኛው ሆድ በአናጢ ሙጫ ተለጥፏል።

የጋሼ ነገር የጀመረው ደሎ መና ነው። ለአንድ ምረቃ ተልከን ተራራውን በጭነት መኪና ወረድን። ላይ በጋቢ ተጠቅልለን የተሳፈርን ሰዎች ታች ስንደርስ ሸሚዛችንን ከፍተን ነበር። መሣሪያዎቹን ስናወጣ ሁሉም ነገር ተለውጧል። የእኔ ክላርኔት ድምፁ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የከበሮው ቆዳ ተወጥሮ እንደ ጣሳ ይጮኻል፤ የቫዮሊኖቹ ክር ላልቷል። ዘወትር የምንነፋውን ማርሽ ስንነፋው ሌላ ሆነ። ሞቅ ያለው፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው መሰለ። ባሻ ተናደዱ። ጋሼ ግን ፈገግ ብሎ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ስንመለስ በመኪናው ላይ እንዲህ አለኝ። «ሰማህ? ዜማው ያው ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ማርሹን የሚያዜመው። ጎባ ላይ ሽማግሌ ነበር። መና ሲወርድ ጎረምሳ ሆነ።»

እኔ የነፋሱ ብርድ ጆሮዬን ይዞኝ ስለነበር ብዙም አላሰብኩበት። እርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዜማ ሲናገር እንደ ሰው አድርጎ ነበር። ይህ ዜማ ኩሩ ነው፣ ይህኛው ይዋሻል፣ ያኛው ቁርስ አልበላም ይላል።

በከተማችን አስተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በየዓመቱ አንድ ነባር ተውኔት ያሳዩ ነበር። በግጥም የተጻፈ፣ ረጅም ቴአትር ነው። አንድ ንጉሥ የሐሜተኞችን ወሬ ሰምቶ ታማኝ የጦር አለቃውን ያስራል። የንጉሡ እናት እውነቱን እያወቀች ዝም ትላለች። የእልፍኙ በረኛ ደግሞ ሁሉን ያስገባል፣ ሁሉን ያስወጣል፤ ስሙን ግን ማንም አይጠይቀውም። በመጨረሻ በረኛው ለጦር አለቃው በሩን ይከፍትለታል፤ የጦር አለቃው ግን አልወጣም ብሎ ይቀራል፤ ይሞታል። ጎባ ያደገ ሰው ሁሉ ከዚህ ግጥም ጥቂት ስንኝ ያውቃል።

የእኛ ድርሻ በክፍሎቹ መካከል ማርሽ መንፋት ነበር። ንጉሡ ሊገባ ሲል ማርሽ፣ እናቲቱ ልታለቅስ ስትል ያው ማርሽ። ጋሼ አንድ ቀን ከባሻ ፊት ቆመና፣ «ባሻ፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሙዚቃ ልሥራላቸው?» አለ።

«ለማን ለማን?»

«ለንጉሡ፣ ለእናቲቱ፣ ለጦር አለቃው፣ ለበረኛው።»

«ለበረኛው? በረኛ ምን ያደርግለታል?»

«ከሁሉም በላይ የሚገባና የሚወጣ እርሱ ነው።»

«ሰልፉን የማይነካ ከሆነ እንደፈለግህ» አሉት።

አሠራሩን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከእርሱ የተማርኩት ይህንን ነው። ዜማ ከመፈለጉ በፊት ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ሰው ውሃ ሲጠጣ እንዴት ነው? ጽዋውን እስኪጨርስ ትንፋሽ ይወስዳል ወይስ አይወስድም? ሲቀመጥ ወንበሩን ቀድሞ ያያል? ሰው ሲጠራው በስንተኛው ይዞራል? ለንጉሡ፣ «ይህ ሰው ወንበሩን አያይም፤ ወንበሩ እንዳለ ያውቃል» አለ። ስለዚህ የንጉሡ ዜማ ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ አያመነታም። እናቲቱን ለማሲንቆውና ለቫዮሊኖቹ ሰጣት። «ልትናገር ትጀምራለች፤ ትተዋለች። እንደገና ትጀምራለች፤ ትተዋለች» አላቸው። ቫዮሊኖቹ ቀስታቸውን ከክሩ ላይ ሳያነሡ ማቆምን ለመልመድ ብዙ ደከሙ። በረኛው ለሁሴን ትሮምቦን ደረሰ።

«እኔን በረኛ አደረግኸኝ?» አለ ሁሴን። «አገሩ የማን ሆነና ነው በሩ ላይ የምቆመው?»

«ንጉሡን ብሰጥህ ዙፋኑን ትሰብረዋለህ።»

«ወላሂ እሰብረዋለሁ» አለ ሁሴን፤ ሁላችንም ሳቅን። ባሻ ግን ከማዶ ሆነው ሳቃችንን አልወደዱትም።

የጦር አለቃው የእኔ ሆነ። ጋሼ ከሌላው ሁሉ በላይ በእኔ ላይ ጨክኖ ነበር። ከመንፋቴ በፊት በአፌ እንዳንጎራጉረው ያደርገኛል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳ እያየ ይሰማል። ፊቴን ካየ ፊቴ ያታልለዋል ይል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ገና ሦስት ኖታ ሳልነፋ ጀርባው እንደማይወደው አውቃለሁ።

ከዚያ ተውኔቱ የሚታይበት የበዓል ቀን መጣ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ከሹማምንቱ ሁሉ ከፍ ያሉት ፊታውራሪ ከነባለቤታቸው ተቀምጠዋል። እኛ ከመድረኩ ሥር በጎን በኩል ነን። የመጀመሪያዋ እናቲቱ ናት፤ ገባች፤ ማሲንቆው ጀመረ፣ ቆመ፣ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ቀን የሚመራን ጋሼ ነበር፤ በትሩን እንደያዘ ወደ እኔ አየት አደረገ። እንዲያ ሲደሰት ከዚያ በፊት አላየሁትም።

ቀጥሎ ንጉሡ ነው። ጋሼ ለሦስቱ ትራምፔቶች ምልክት ሰጠ። ዝግ ያለ፣ የማያመነታ ድምፅ ወጣ። በዚያው ቅጽበት አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ።

ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ፊታውራሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ደረታቸውን ገልብጠው ቆመዋል። በሩ አጠገብ የነበረው ፖሊስ እጁን ወደ ግንባሩ ሰድዶ ሰላምታ ሰጠ። መጋረጃው ተከፈተ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ተካልኝ ከብስኩት ቆርቆሮ የተሠራ ዘውድ ደፍቶ ገባ። ተካልኝ ሕዝቡ ቆሞ ሲያየው ደነገጠ። የሚናገረው ግጥም ጠፋው። ጥቂት ጊዜ እነርሱ እርሱን አዩ፣ እርሱም እነርሱን አየ። ከዚያ ግራ ገብቶት፣ ወደ ፊታውራሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

አንዲት ሴት ሳቀች። እኔ እንደማስበው የፊታውራሪው ባለቤት ናቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሳቁን መያዝ አልቻለም።

የንጉሡ ዜማ ሰላምታው አልነበረም። አጀማመሩ ግን የሰላምታው ወንድም ነበር። ዝግ ይላል፣ ሦስት ትራምፔት አለው፣ አያመነታም። የጎባን ሕዝብ ጆሮ በየበዓሉ ያሠለጠንነው እኛው ነን፤ ይህ ድምፅ ሲመጣ ተነሡ ብለን። እኛ ራሳችን ግን ሰላምታ ሲነፋ ተነሥተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ ነፊዎቹ እኛ ነን፣ ዓይናችን ከበትሩ ላይ ነው። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ሁሉ ከመካከላችን አንድም ሰው እግሩን አልነቃነቀውም። ባሻ እንኳ አላስተዋሉም። ከእኛ ሌላ ማንም መንገደኛ ቢሰማው ኖሮ ገና ከበር ይነግረን ነበር።

የሚያስቀው ነገር እዚያ አልቀረም። የተውኔቱ ንጉሥ ክፉ ንጉሥ ነው። በማግስቱ ጋሼ ወደ ፊታውራሪው መሥሪያ ቤት ተጠራ። ለማን ነው ያስቆማችሁን? ማን አዘዘህ? ምን ለማለት ፈልገህ ነው? ባሻ አብረው ገብተው፣ «ክቡራን፣ ልጁ ከማርሽ በቀር ምንም አያውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ስለዚህ ማንም አልታሰረም። ሙዚቃው ግን ተከለከለ። ከዚያ ወዲያ ማርሽ ብቻ ሆነ። ጋሼ በትር እንዳይዝ ተደረገ፤ ወደ ትራምፔቱ ተመለሰ።

ከተማው ለብዙ ጊዜ ተሳለቀብን። ገበያ ስንወጣ ነጋዴዎች ከበርጩማቸው ብድግ እያሉ፣ «ደምሴ፣ ዛሬስ ለማን ነው?» ይሉታል። ተካልኝን «ጃንሆይ» ሊሉት ጀምረው ፖሊስ ሲያልፍ ዝም ይላሉ።

እኔ ቤት ገብቼ አልቅሼአለሁ። ጋሼ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ «ግርማ፣ አንድ ነገር አስተዋልክ?» አለኝ። «ሰምተውናል። ስንት ዓመት ማርሽ ስንነፋ ያወሩ ነበር። በዚያ ቀን ግን ጆሯቸው ከእኛ ጋር ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የጻፍኩት ዘውዱን ነው። ሰውየውን አልጻፍኩትም።»

ከዚያም ሥራውን እንደገና ጀመረ። አሁን ተዋናይ የለም፣ መጋረጃ የለም። አራቱ ሰዎች በሙዚቃው ውስጥ ብቻ እንዲገናኙ፣ እርስ በርስ እንዲሰሙ አደረገ። ንጉሡን ከትራምፔቶቹ ነጠቀና ለክላርኔቶቹና ለቫዮሊኖቹ ታችኛው ድምፅ ሰጠው። ሲገባ የሌላው ሁሉ ድምፅ ይቀንሳል። «ሲፈሩት ነው ንጉሥ መሆኑ የሚታወቀው» ይል ነበር። አንዳንዴ ከልምምድ በኋላ፣ ባሻ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ቁራጭ ቁራጩን እንሞክርለታለን። እናቲቱን ብቻ፣ በረኛውን ብቻ። ሙሉውን ግን አንድም ቀን አልሰማውም፤ ሁላችንም ተሰብስበን እንድንነፋው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሳሉ የጀመረው በጥር ነው። ጎባ ላይ የማይስል ሰው የለም ብለን ተውነው። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ግን ደረቱ ሲደክም አብረውት የሚነፉት ያውቃሉ። ሁሴን፣ «ኦቦ ደምሴ፣ ሐኪም ቤት ካልሄድህ እኔ ተሸክሜህ እሄዳለሁ» አለው። ሄደ። ሐኪሞቹ አስተኙት፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉለት። ሳንባው ነው አሉን።

በየቀኑ እንጠይቀው ነበር። የምንነጋገረው ስለ ሥራ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ጦር አለቃው መጨረሻ አነሣ። በረኛው በሩን ይከፍታል፤ ሁሴን ረጅም ድምፅ ይነፋል። የጦር አለቃው እስከ በሩ ይመጣል፤ ከዚያ ያቆማል።

«እስቲ አንጎራጉረው» አለኝ።

አንጎራጎርኩ። ጀርባውን ሊያዞርልኝ ስለማይችል ዓይኑን ጨፈነ።

«ትንፋሽህን ጨርሰህ ነው የምታቆመው» አለ። «እንደሱ ከሆነ መውጣት ያቃተው ሰው ነው። ደረትህ ሙሉ እንደሆነ አቁም። ገና ብዙ መንፋት ስትችል። ያኔ ሳይወጣ የቀረው ወዶ ነው።»

«ሰው ይህን ልዩነት ይሰማል?» አልኩት።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ሳለ። «እኔም እርሱን ነው ማወቅ የምፈልገው» አለ።

ሁሴን ከአልጋው እግር በኩል ተቀምጦ ነበር። «ስትነሣ እንሞክረዋለን፤ ኢንሻ አላህ» አለው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሞተ።

እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ቀብሩ ላይ ባሻ በደንብ ልብሳቸው መጡ። ሁሴንና የሮቤ ጓደኞቹ አፈር በማልበስ አገዙን። ባንዱ ማርሽ ነፋ፤ ሌላ የተፈቀደልን አልነበረም። ቆሜ ስሰማ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ጋሼ የሠራቸው አራት ሰዎች አሉ፤ ማንም አያውቃቸውም። እኛ ከተበታተንን እነርሱም ይሞታሉ። ኖታው ቢኖርም ኖታ ብቻውን ወረቀት ነው፤ የት ላይ ትንፋሽ ሞልቶ እንደሚቆም አይናገርም።

ከአርባው በኋላ ወደ ባሻ ቤት ሄድኩ። ንግግር አልችልበትም፤ ሁልጊዜ እሰናከላለሁ። በመንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ደጃቸው ላይ ጠፋብኝ።

«ባሻ… የጋሼን… ያንን ሥራ… አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ።

«ተከልክሏል እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?»

ባሻ ከተቀመጡበት ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። «ያ በረኛ የሚሉት… ጥሩ ነው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ሳላስበው በአፌ ሲመጣ አገኘዋለሁ። እግር የሚያራምድ ዜማ ነው። በል ና።»

እንደዚያው ወደ ፊታውራሪው መሥሪያ ቤት ሄድን። ብዙ ደጅ ጠናን። ስንገባ እጅ ነሥተን ቆምን። ባሻ ነገሩን ባጭሩ ተናገሩ። ፊታውራሪው ወደ እኔ ዞረው፣ «የሟቹ ወንድም አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን ክቡርነትዎ።»

«ወንድምህ ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ? ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ምሳ ሲቀርብ ‹ተነሡ፣ ተካልኝ መጣ!› ትለኛለች።»

ባሻ ወደ መሬት አዩ።

«ያ ሰውዬ አሁንም አለበት? ያ ያስቆመን?»

«አለ ክቡርነትዎ። ግን… አያስነሣም። ጋሼ ቀየረው። አሁን… አሁን የሚያስፈራ ብቻ ነው።»

ፊታውራሪው እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። «የሚያስፈራ ከሆነ እሰማዋለሁ» አሉ። «ተዋናይ አይኑርበት። ደግሞም ማን መቼ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ለሕዝቡ ንገሩ። ሁለተኛ አልቆምም! ማነው የሚናገረው?»

«ይህ ልጅ ነው» አሉ ባሻ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የልምምዱን ጊዜ ባጭሩ ልተወው። በትሩን ባሻ ራሳቸው ያዙ። መጀመሪያ ላይ አራቱንም ሰዎች በሰልፍ አስኬዷቸው። ሁሴን ተስፋ ቆርጦ፣ «ባሻ፣ እናቲቱ ወታደር ሆነች እኮ» አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀጡት ነበር። አሁን ግን በትሩን አስቀምጠው፣ «ግርማ፣ ደምሴ እንዴት ነበር የሚላት?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ልትናገር ትጀምራለች፤ ትተዋለች። «እንደ እናቴ» አሉና በትሩን መልሰው አነሡ። ከዚያ ቀን በኋላ እጃቸው ለሰለሰ።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር አዳራሹን ትተን ከፊት ለፊቱ ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጥን። የከተማው ሰው ወንበር ይዞ መጣ። ከገሰራና ከሮቤ በኩል ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን በልጓም እንደያዙ ከኋላ ቆሙ። ፊታውራሪው ከነባለቤታቸው ከፊት ተቀመጡ።

ተነሥቼ ቆምኩ። «አራት ሰዎች አሉ» አልኩ። «ንጉሥ አለ። እናቱ አለች። የጦር አለቃው አለ። የእልፍኙ በረኛ አለ። ንጉሡ ሲገባ… ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። እባካችሁ አትነሡ።» ሌላም ልናገር አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም። ሁሴን ያንኑ በኦሮምኛ ደገመው። «ሂን ካኢና!»፣ አትነሡ፣ ብሎ ሲጨርስ ከኋላ ያሉት ሳቁ፤ ከጅምሩ ወንበር ያልነበራቸው እነርሱ ናቸው።

ነፋን።

እንዴት እንደሄደ በትክክል መናገር አልችልም። ስትነፋ ሙሉውን አትሰማም። ንጉሡ ሲገባ አንድም ሰው እንዳልተነሣ፣ ከኋላም ፈረስ ብቻ እንዳነጠሰ አስታውሳለሁ። እናቲቱ ሁለተኛ ስትጀምርና ስትተወው ከሴቶቹ በኩል አንዲት ድምፅ «እ፣ ተናገሪ እንጂ!» አለች። ከዚያ ሁሴን በሩን ከፈተ። ረጅም፣ ሰፊ ድምፅ። እኔ እስከ በሩ መጣሁ። ደረቴ ሙሉ ነበር፤ ገና ብዙ መንፋት እችል ነበር። አቆምኩ። ያን ትንፋሽ ይዤ መቆየት ከመንፋቱ ሁሉ ይበልጥ ከበደኝ።

ባሻ በትራቸውን ዝቅ አደረጉ። ማንም አላጨበጨበም። አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን ሕዝቡ አላወቀም። ፊታውራሪው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየጎተቱ በሰዎቹ መካከል መጡ። የገሰራ ሰው ናቸው። ተውኔቱን አይተው አያውቁም፤ ታሪኩንም ማንም አልነገራቸውም። እኔ የተናገርኩት አራት ስም ብቻ ነው። እፊቴ ቆመው በኦሮምኛ ቅላጼ፣ «አንተ ልጅ፣ በሩ ተከፍቶለት ነበር። መውጣት ይችል ነበር። ለምን ቀረ?» አሉኝ።

ልመልስ ስል ከጎኔ አንዲት ሴት ቀደመችኝ። «እንዴት ይውጣ አባቴ? ከወጣ እኮ ወሬው እውነት ነበር ይሉታል!»

«ይበሉት! በሕይወት ያለ ሰው ወሬ ያስተባብላል። የሞተ ምን ያስተባብላል?»

«ጥፋቱ የእናትየው ነው» አለ ተካልኝ፣ ከየት እንደመጣ ሳላየው። «አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ…»

«አንተ ዝም በል፤ አንተ ንጉሡ ነበርህ!» አለችው ሴትየዋ።

ሁሴን ትሮምቦኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «እኔ በበኩሌ በሩን ከፍቻለሁ» አለ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ተሸክሜ ላውጣው?»

«ታወጣው ነበር!» አሉት ሽማግሌው። ቀልድ አልነበረም፤ ተቆጥተው ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በአማርኛ ሲናገር ሌላው በኦሮምኛ ይመልሳል። ስለ ባንዱ፣ ስለ ባሻ በትር፣ ስለ ጋሼም እንኳ አንድም ሰው አላነሣም። ሁሉም የሚነጋገሩት ስለ እነዚያ አራት ሰዎች ነበር፤ ጎረቤታቸው እንደሆኑ፣ ነገሩ ትናንት እንደደረሰ አድርገው። ሽማግሌው መንገዳቸው ሩቅ ስለነበር ክርክሩን ሳይጨርሱ ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ሁለት ሦስት ሰዎች እየተከራከሩ አብረዋቸው መራመድ ጀመሩ።

እኔ ወደ ቤት ልሄድ፣ ብቻዬን ልሆን አስቤ ነበር። ግን ሽማግሌው ከፈረሱ ላይ ዞር ብለው፣ «ፈሪ ነው! ከውጭው ይልቅ ውስጡን ለምዷል» ሲሉ ሰማሁ።

ክላርኔቱን ለሁሴን ሰጠሁና ሮጥኩ። ከተማው መውጫ ላይ ደረስኩባቸው። «አባቴ፣ ቆዩ!» አልኳቸው። «ፈሪ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?» አሉ፣ ልጓማቸውን ሳብ አድርገው።

አንድም ቃል ሳያደናቅፈኝ መናገር ጀመርኩ።